ሁለት ኤሌክትሮዶች በአንድ ፈሳሽ፦ የዚንክና ማንጋኒዝ ባትሪን ደጋግሞ ለመሙላት

በደብረ ማርቆስ ለሳይንስ መምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሶላር ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፦

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በጎጃም ገጠር ለብዙ ዓመታት ሬዲዮ ሲያናግርና ሌሊት ከብት ለማየት የሚወጣውን ሰው መንገድ ሲያበራ የኖረው ባትሪ ድንጋይ፣ ውስጡ ሲከፈት በዋናነት ዚንክና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱም ቁሶች ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም በዓለም ላይ በብዛት ይመረታሉ፤ ሁለቱም ውሃ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ስለሚሠሩ እንደ ሊቲየም ባትሪ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አያስፈልጋቸውም። ችግሩ አንድ ጊዜ ካለቁ በኋላ የሚጣሉ መሆናቸው ነው። እነዚህኑ ቁሶች ቀን በሶላር ፓነል እየሞላን ማታ ለዓመታት ልንጠቀምባቸው እንችላለን ወይ የሚለው ጥያቄ ታዲያ የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የኑሮም ጥያቄ ነው። የእኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር፦ የዚንክን ችግር ለብቻው፣ የማንጋኒዝን ችግር ለብቻው ከፈታን ባትሪው የተሠራ ይመስለናል፤ ነገር ግን ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ አንዱን የሚጠቅመው ፈሳሽ ሌላውን ይጎዳል፤ ጉዳቱን ደግሞ በችኮላ የሚደረጉ የላቦራቶሪ ፈተናዎች ብዙ ጊዜ አያሳዩትም።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሳ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ ዚንክን፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድንና የአሞኒየም ክሎራይድ ሙሙትን ያጣመረውን ባትሪ የፈጠረው በ1866 ነው። በ1880ዎቹ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ፈሳሹን ወደ ልቁጥ ለውጦ የማይፈስ ደረቅ ባትሪ አደረገው። በ1950ዎቹ ደግሞ ካናዳዊው ሉዊስ ኧሪ በአሞኒየም ጨው ፋንታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን፣ በዚንክ ቆርቆሮ ፋንታ የዚንክ ዱቄትን በመጠቀም ዛሬ አልካላይን የምንለውን ባትሪ ለገበያ የሚበቃ አደረገው። ከእነዚህ ለውጦች ውስጥ ሁለቱን ዋና ቁሶች የነካ የለም፤ የተለወጠው ፈሳሹና የኤሌክትሮዱ (ዚንኩን ወይም ማንጋኒዙን ይዞ ኮረንቲ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ክፍል) አሠራር ነው። ዛሬም ሥራው እዚያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ልማድ ልጥቀስ። የደከመ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲውል ማታ ጥቂት ይሠራል። ይህ መሙላት አይደለም። ሙቀቱ የአዮኖችን እንቅስቃሴ ያፋጥናል፤ ዕረፍቱም በማንጋኒዙ ቅንጣት ዙሪያ የተከማቸውን የምላሽ ውጤት ለመበተን ጊዜ ይሰጣል፤ ስለዚህ ገና ያልተነካው ቁስ ጥቂት ኮረንቲ ያወጣል። ልማዱ ግን አንድ ነገር በትክክል ያሳየናል፦ ባትሪ ደከመ ስንል ቁሱ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ቁሱ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው።

ምን ያህል ቁስ እንደሚያስፈልግ እንቁጠር። 3 ዋት የሚፈልግ መብራት ለ4 ሰዓት ሲበራ 12 ዋት ሰዓት ይወስዳል። የባትሪውን አማካይ ቮልቴጅ 1.35 ብንወስድ ወደ 8.9 አምፔር ሰዓት ይሆናል። አንድ ግራም ዚንክ በቀመር 820 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሰጣል፤ አንድ ግራም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ለእያንዳንዱ ማንጋኒዝ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሲቀበል 308 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ በቀመር 11 ግራም ገደማ ዚንክና 29 ግራም ገደማ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ለአንድ ሌሊት መብራት ይበቃሉ። በተግባር ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ሆኖም የቁሱ መጠን የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ይህንኑ ቁስ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በዓመት 365 ጊዜ ወደ ነበረበት መመለስ ነው።

የአልካላይኑን መንገድ አስቀድሜ ልይ። ኦስትሪያዊው ካርል ኮርዴሽ ለአሥርተ ዓመታት የደከመበት ደጋግሞ የሚሞላ አልካላይን ባትሪ በ1993 በአሜሪካ ሬኖዋል በሚል ስም ለገበያ ቀርቦ ነበር። ሠርቷል፤ ነገር ግን በተጠቀምንበት ቁጥር አቅሙ እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ካወጡት ደግሞ ፈጥኖ ይሞት ነበር። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ሲቀበል ከውሃው ሃይድሮጅን ወስዶ ቅርጹን ብዙም ሳያፈርስ ይቆያል። ከዚያ በላይ ከተገፋ ግን መዋቅሩ ይፈርሳል፤ ከዚንክ ኤሌክትሮድ በኩል የሚመጣው ዚንኬትም (በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ዚንክ) ከማንጋኒዙ ጋር ተዋህዶ ሄቴሮላይት የሚባል፣ ኮረንቲ በደንብ የማያሳልፍና ወደ ኋላ የማይመለስ ውሁድ ይሠራል። እነሆ፣ የመጀመሪያው የጋራ ፈሳሽ ችግር፦ ዚንኩ የሚሟሟበት ፈሳሽ ማንጋኒዙን የሚመርዝበትም ነው።

ማንጋኒዝ ሁለተኛውን ኤሌክትሮንም ቢቀበል አቅሙ እጥፍ፣ ማለትም በግራም 617 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። በ1980ዎቹ ቢስመዝ የተጨመረበት ንብርብር መዋቅር ያለው ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ይህን ደጋግሞ ሊያደርግ እንደሚችል ታየ፤ በ2017 የኒውዮርክ ተመራማሪዎች መዳብም ጨምረውበት ወደ ሙሉው አቅም የሚጠጋ ውጤት ከ6000 በላይ ዙሮች (አንድ ዙር አንዴ ሞልቶ ማውጣት ነው) እንዳገኙ አሳተሙ። ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ዚንኬቱ ወደ ማንጋኒዙ እንዳይደርስ የሚያግድ መለያያ፣ ማለትም በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል የሚገባ ስስ ሽፋን፣ እስካልተገኘ ድረስ ሙሉ ባትሪ ላይ ያንኑ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሥራ የሚቀርቡት የአልካላይን ዓይነቶች አቅማቸውን ጥቂቱን ብቻ በመጠቀም ዕድሜ ይገዛሉ። ይህ የሚናቅ ስልት አይደለም፤ ቁሱ ርካሽ ከሆነና ባትሪው ከቤት ጥግ የማይነሳ ከሆነ ክብደቱ ማንን ይጎዳል?

ሁለተኛው መንገድ ለስላሳ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ነው። ጃፓናውያኑ ያማሞቶና ሾጂ በ1986 ዚንክና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድን በዚንክ ሰልፌት ሙሙት ውስጥ አድርገው ደጋግሞ መሙላት እንደሚቻል አሳዩ፤ ነገሩ ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ቆይቶ ከ2012 ወዲህ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። የ2 ሞላር (በሊትር 2 ሞል ጨው የያዘ) ዚንክ ሰልፌት ሙሙት ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ የሚበረታበት መለኪያ) ወደ 4 ይጠጋል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ዚንክ እንደ ዚንኬት ሳይሆን በውሃ ሞለኪውሎች የተከበበ ባለ ሁለት ቻርጅ አዮን ሆኖ ይወጣል፤ ሲሞላም ጠጣር ዚንክ ሆኖ ይመለሳል። በማንጋኒዙ በኩል ምን እንደሚገባ ግን ለዓመታት አከራክሯል። አንዳንዶች የዚንክ አዮን ነው አሉ፤ ሌሎች ሃይድሮጅን ነው አሉ። በ2016 በአሜሪካ የፓሲፊክ ሰሜን ምዕራብ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ሥራ ዋናው ተሳታፊ ሃይድሮጅን መሆኑን አሳዩ፤ ሃይድሮጅኑ ከፈሳሹ ሲወሰድ በዙሪያው ያለው ፒኤች ይጨምርና የዚንክ ሃይድሮክሳይድ ሰልፌት ቅጠል መሰል ክሪስታል በኤሌክትሮዱ ላይ ይረጋል፤ ሲሞላ መልሶ ይሟሟል። ዛሬ ደግሞ የማንጋኒዙ መሟሟትና መልሶ መዝቀጥ ራሱ የአቅሙ ትልቅ ክፍል እንደሆነ ብዙ ማስረጃ አለ። እኔ እንደሚገባኝ ሦስቱም ይከናወናሉ፤ የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነው ፒኤቹ፣ የፈሳሹ መጠንና የሚሠራበት ፍጥነት ነው።

ማንጋኒዙ የሚጠፋው እንዴት ነው? አንድ ኤሌክትሮን የተቀበለ ማንጋኒዝ፣ ማለትም ባለ ሦስት ቻርጁ፣ በዙሪያው ያሉትን ኦክስጅኖች አዛብቶ መዋቅሩን ያጣምማል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጎረቤታሞች ሲገናኙ አንዱ ኤሌክትሮኑን ለሌላው ይሰጥና አንዱ ባለ አራት ቻርጅ ሆኖ በጠጣሩ ውስጥ ሲቀር፣ ሌላው ባለ ሁለት ቻርጅ ሆኖ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላልና ብልህ ነው፦ በፈሳሹ ውስጥ አስቀድሞ ማንጋኒዝ ሰልፌት መጨመር። ፈሳሹ ማንጋኒዝ ካለው መሟሟቱ ይገታል፤ የሟሟውም ሲሞላ ተመልሶ ይዘቅጣል። በ2016ቱ ሥራ 0.1 ሞላር ማንጋኒዝ ሰልፌት በመጨመር ከ5000 ዙር በኋላ 92 በመቶው አቅም ቀርቷል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቁጠር፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ በዚህ መስክ የሚታተሙት ብዙ ቁጥሮች የሚያታልሉት እዚህ ጋ ነው። 0.1 ሞላር በሆነ ፈሳሽ ውስጥ፣ በ1 ሚሊሊትሩ፣ 0.1 ሚሊሞል ማንጋኒዝ አለ። ይህ ማንጋኒዝ ሲሞላ ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ዳይኦክሳይድ ሆኖ ቢዘቅጥ ወደ 5.4 ሚሊአምፔር ሰዓት ማለት ነው። በብዙ የሙከራ ሴሎች (ትንንሽ የላቦራቶሪ ባትሪዎች) ደግሞ በኤሌክትሮዱ ላይ የሚቀባው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ የእሱ አቅም 0.3 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ፈሳሹ ከኤሌክትሮዱ 17 እጥፍ በላይ አቅም ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሴል ውስጥ ኤሌክትሮዱ ግማሹ ቢጠፋ ማን ያውቃል? ከፈሳሹ የመጣው ይሸፍነዋል። አንዳንዴ አቅሙ እየጨመረ ሲሄድ ይታያል፤ ይህም ኤሌክትሮዱ ነቃ ተብሎ ይጻፋል። ፈሳሹን ስንት ማይክሮሊትር እንዳደረገ፣ ኤሌክትሮዱን ስንት ሚሊግራም እንዳደረገ የማይናገር ጽሑፍ ስለ ዕድሜ የሚናገረውን እኔ በበኩሌ አልቀበልም።

ወደ ዚንኩ እንለፍ። ዚንክ ሲሞላ እንደ ልብ ለስልሶ አይቀመጥም። ገጹ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ነጥብ ካለ የኤሌክትሪክ መስኩ እዚያ ይበረታል፤ የሚመጣው ዚንክም ወደዚያው ያመራል፤ ነጥቡ ባደገ ቁጥር የበለጠ ይስባል፤ ልክ በተዳፋት ማሳ ላይ የተከፈተ ቦረቦር ጎርፉን ሁሉ ወደ ራሱ እየጠራ እንደሚሰፋው ማለት ነው። ዴንድራይት የሚባለው ይህ እድገት መለያያውን ወግቶ ካለፈ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ይገናኛሉ፤ ባትሪውም ያበቃል። ከዚህ ጎን ለጎን፣ ብዙም ሳይነገርለት፣ ዚንኩ ከውሃው ጋር ምላሽ እየፈጠረ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ የታሸገን ሴል ያሳብጣል፤ በዚንኩ አጠገብ ፒኤቹ ይጨምርና ያው የዚንክ ሃይድሮክሳይድ ሰልፌት ክሪስታል ይረጋል፤ በዚህ በኩል ግን የሚያሟሟው ስለሌለ ገጹን ሸፍኖ ይቀራል። ድሮ ይህን ጋዝ ለመግታት በባትሪ ድንጋይ ዚንክ ውስጥ ሜርኩሪ ይጨመር ነበር፤ በ1990ዎቹ በብዙ አገሮች ሲቀር ኢንዲየምና ቢስመዝን የመሳሰሉ ብረቶች ተተኩ።

ስለ ዚንክ የሚሰጠው ቁጥርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየዙሩ 99 በመቶው ዚንክ ይመለሳል ሲባል የሚያስደስት ይመስላል። ነገር ግን ትርፍ ዚንክ በሌለበት 0.99ን 100 ጊዜ በራሱ ብናባዛው 0.37 ብቻ ይቀራል፤ በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። 99.9 በመቶ ቢሆን እንኳ ከአንድ ዓመት በኋላ 69 በመቶ ይቀራል። ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሴሎች ለሺህ ዙር እንዴት ቆዩ? መልሱ በትርፍ ዚንክ ነው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ የዚንክ ፎይል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 58 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ከፊቱ 1 ሚሊግራም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ከቆመ በየዙሩ የሚነካው የዚንኩ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሴል ዚንኩን አልፈተነውም።

አሁን ወደ ዋናው ግጭት እንምጣ። ማንጋኒዝ አሲድ ይወዳል። ፈሳሹ በቂ አሲድ ሲኖረው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ሁለት ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ሲሞላ ይዘቅጣል፤ ቮልቴጁም ከዚንክ ጋር ወደ 2 ቮልት ይጠጋል። ዚንክ ግን በአሲድ ውስጥ ሳይሠሩበትም ይበላል። አንዱ መውጫ ሁለት ፈሳሽ ማድረግ ነው፦ በማንጋኒዙ በኩል አሲድ፣ በዚንኩ በኩል አልካላይን፣ በመካከላቸው አዮን የሚመርጡ ስስ መለያያዎች። በ2020 በታተመ ሥራ እንዲህ ያለ ሴል 2.83 ቮልት አሳይቷል። ቁጥሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን መለያያዎቹ ውድ ናቸው፤ አሲዱና አልካላዩ ቀስ በቀስ ሲገናኙም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ለቻግኒ ወይም ለብቸና የገጠር ቤት ይህን የምመክር ሰው አይደለሁም።

ሌላው መውጫ ፈሳሹን ራሱን ማስታረቅ ነው፤ እኔም ተስፋዬን የምጥለው በዚህ ነው። ሰልፌቱን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በአሲቴት መተካት ፒኤቹ በአንድ ጊዜ እንዳይዋዥቅ ይይዘዋል፤ ብርቱ አሲድ ሳያስፈልግም ማንጋኒዙ እንዲሟሟና እንዲዘቅጥ ይረዳል። የጨውን ብዛት እጅግ ከፍ ማድረግም አለ፤ ነፃ ውሃው ሲያንስ ዚንኩን የሚነካው ያንሳል። በ2018 በዚህ ስልት የዚንክ መመለስ ወደ 100 በመቶ ተጠግቷል፤ ነገር ግን የተጠቀሙበት ጨው ፍሎሪን ያለበትና እጅግ ውድ ነበር። ከዚህ ይልቅ ፖሊኢትሊን ግላይኮልን የመሰሉ ርካሽ ጭማሪዎች በጥቂቱ ገብተው የዚንኩ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ የዚንኩን መዝቀጥ ጥቂት አዘግይተው እኩል ያሰራጩታል። ፈሳሹን በፖሊአክሪላማይድ ጄል መያዝም መፍሰስን ይከላከላል፤ የሟሟው ማንጋኒዝ ርቆ እንዳይሄድ ያደርጋል።

ስለ ኤሌክትሮዱ አሠራር ጥቂት ልጨምር። ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ አንድ ነገር አይደለም፤ አንዳንዱ ሰፊ ቦይ፣ አንዳንዱ ጠባብ ቦይ፣ ሌላው እንደ መጽሐፍ ገጽ ንብርብር አለው። በንብርብሩ መካከል ፖታሲየም ወይም ካልሲየም አስቀድሞ ሲገባ ምሰሶ ሆኖ ንብርብሩን ይደግፋል። ብዙ ጽሑፎች የሚያተኩሩት በዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከጥቂት ዙሮች በኋላ ቁሱ ሟሙቶ በሌላ ቅርጽ ስለሚዘቅጥ መነሻው መዋቅር የተባለውን ያህል ይወስናል ብዬ አላምንም። ይበልጥ የሚወስነው ውፍረቱ ነው። ያንን 29 ግራም በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ብንቀባው 2.9 ካሬ ሜትር ኤሌክትሮድ ያስፈልገናል፤ 20 ሚሊግራም ብንቀባው 1450 ካሬ ሴንቲሜትር ይበቃል። በወፍራሙ ውስጥ ግን ፈሳሹ እስከ ታች የሚደርስበት ቀዳዳ፣ ኤሌክትሮኑ የሚሄድበት ካርቦን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ላይኛው ብቻ ይሠራል። ቁሱ የሚቀባበት ኮረንቲ ሰብሳቢም አለ፦ ተራ ብረት በዚህ ፈሳሽና በዚህ ቮልቴጅ ይዝጋል፤ ስለዚህ ግራፋይት ወይም ቲታኒየም ይመረጣል፤ ለእኛ ግራፋይቱ ይቀርባል። በዚንኩ በኩል ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የሠራው ስፖንጅ መሰል ዚንክ ኮረንቲውን በብዙ ገጽ ላይ ስለሚያከፋፍል በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ ዴንድራይትን ገትቷል። በለስላሳው አሲድ ግን ያው ሰፊ ገጽ ለዝገትም የሰፋ ስለሚሆን ጥቅሙ ያጠራጥራል።

አሁን ያ 5000 ዙር ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንይ። በቀን አንዴ ለሚሞላ የቤት መብራት ከ13 ዓመት በላይ ነው። ፈተናው ግን የተደረገው በ12 ደቂቃ ሞልቶ በ12 ደቂቃ በሚያወጣ ፍጥነት ነው፤ ሁሉም ዙር ሙሉ ጊዜውን ቢወስድ እንኳ ቢበዛ 83 ቀን ይፈጃል። ዝገቱ፣ የጋዙ መውጣትና የማንጋኒዙ መሟሟት በዙር ብቻ ሳይሆን በሰዓት የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ በፍጥነት የተፈተነ ሴል እነዚህን ሳያይ ያልፋል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ሁለት ፊት አለው፦ ዝገቱን ያዘገያል፤ ነገር ግን የአዮኑን እንቅስቃሴም ያዘገያል፤ ስለዚህ በሞቃት ላቦራቶሪ የተለካ አቅም ለእኛ ሌሊት አይሆንም።

ከመድረኩ በፊት የተጠየቅሁትንም ልመልስ፦ ተራውን ባትሪ ድንጋይ ቻርጅ ማድረግ አይገባም። በተለመደው ዓይነት ዚንኩ ራሱ ቆርቆሮው ነው፤ ሲሠራ ተበልቶ ቀዳዳ አበጅቷል፤ የሚመለሰው ዚንክ ያንን ቀዳዳ አይደፍንም፤ የሚወጣው ጋዝ ግን ፈሳሹን ገፍቶ ያፈሰዋል።

መምህራን በትምህርት ቤት መሞከር ብትፈልጉ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የዚንክ ቆርቆሮ፣ የግራፋይት ሉህ፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ከካርቦን ዱቄት ጋር፣ በውሃ የሚለቆጥ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ማጣበቂያ፣ እንዲሁም ዚንክ ሰልፌትና ማንጋኒዝ ሰልፌት። ሁለቱ ሰልፌቶች በዓለም ላይ ለማዳበሪያነትም ይሸጣሉ፤ ነገር ግን የማዳበሪያው ዓይነት ብረትና መዳብ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ መዳቡ በዚንኩ ላይ ይለበጥና ዝገቱን ያባብሰዋል። እንዲያውም ይህ ራሱ ጥሩ ሙከራ ነው፦ አንዱን ሴል በንጹሕ ጨው፣ ሌላውን በማዳበሪያ ጨው ሥሩ፤ የፈሳሹን መጠንና የኤሌክትሮዱን ክብደት ጻፉ፤ ሁለቱንም በ5 ሰዓት ውስጥ ሙሏቸው፤ ከዚያ ወዲያው አታውጡት፤ 24 ሰዓት አስቀምጣችሁ የቀረውን ለኩ።